ጋሽ ክምሩ፦ የ1942ቱ የረግረግ ጭራቅ አቃቂ ዳር እንደገና ሲሠራ

ከአቃቂ ወደ ደቡብ ወጣ ሲሉ፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ የጤፍ ማሳው ሲጀምር፣ ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች የሚገቡበት የአባ ሳሙኤል የውኃ ማጠራቀሚያ አለ። በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የተተከለው እዚህ ነው። ዛሬ ለመንገደኛው ቀድሞ የሚታየው ግን እምቦጩ ነው። ውኃው ላይ ተነጥፎ ከሩቅ ሲያዩት የግጦሽ መስክ ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉ ነው ከሥሩ ጥቁር ውኃ መኖሩ የሚታወቀው። ለረግረግ ጭራቅ ከዚህ የተሻለ አገር አይገኝም።

በ2017 ዓ.ም. አራት የኮሚክ አድናቂዎች በዚህ ዳርቻ አምስት ክፍል ያለው፣ እ.ኤ.አ. የ1942ቱን የኮሚክ ጭራቅ «ዘ ሂፕ»ን ጋሽ ክምሩ ብሎ ዳግመኛ የሠራ የአድናቂዎች ተከታታይ ቪዲዮ ሠርተዋል። እያንዳንዱ ክፍል 4 ደቂቃ ገደማ ነው። ካሜራቸው ስልክ ነበር፤ የጭራቁ ልብስ በእጅ የተሰፋ ነው። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ሥራው ከሐሳብ እስከ ቀረጻ የሄደበትን መንገድ ነው፦ ምን ተመረጠ፣ ምን ተጣለ፣ ምን ተበላሸ፣ ስለምን ተበላሸ።

ታላቅየውን መምረጥ

የረግረግ ጭራቅ ሲባል ኮሚክ አንባቢው ቶሎ የሚያስበው ስዋምፕ ቲንግን ወይም ማን ቲንግን ነው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1971 በጥቂት ወራት ልዩነት የወጡ ናቸው፤ ሁለቱም ባለቤት ኩባንያ አላቸው። ታላቃቸው ግን ዘ ሂፕ ነው፤ በአማርኛ «ክምሩ» ማለት ነው። መጀመሪያ የታየው ሂልማን የተባለው አሳታሚ ባወጣው «ኤር ፋይተርስ ኮሚክስ» ቁጥር 3፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1942 ነው። ጽሑፉ የሃሪ ስታይን፣ ሥዕሉ የሞርት ሊቭ ነው። ታሪኩ አጭር ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አንድ ጀርመናዊ አብራሪ፣ ባሮን ፎን ኤመልማን፣ ተመትቶ ፖላንድ ውስጥ ረግረግ ላይ ይወድቃል። ሥጋው ይሞታል፤ የመኖር ፈቃዱ ግን እምቢ ይላል። ዕፅዋቱ እያደር ያለብሱታል፤ ከዓመታት በኋላም ፀጉራም፣ ዲዳ፣ ሥር የሚመስል አፍንጫ የተንጠለጠለበት ክምር ሆኖ ይነሣል። እስከ 1953 ድረስ በሌሎች ጀግኖች መጽሔት ጀርባ ላይ በጥቂት ገጾች እየወጣ ኖሯል።

ምርጫው በፍቅር ብቻ አልተደረገም። እ.ኤ.አ. ከ1964 በፊት አሜሪካ ውስጥ የታተመ ሥራ መብቱ የሚቀጥለው በ28ኛው ዓመት ከታደሰ ነበር። የእነዚያ ዓመታት የሂልማን መጽሔቶች ዛሬ የሕዝብ ይዞታ ተብለው በነጻ የኮሚክ ማኅደሮች ውስጥ ይነበባሉ። ከዚያ በኋላ ሌሎች አሳታሚዎች ያወጧቸው የዚሁ ጭራቅ ቅርጾች ግን የየባለቤታቸው ናቸው። ስለዚህ ቡድኑ አንድ ጠንካራ ደንብ አወጣ፦ ተከታታዩ ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ ወይ ከ1942 እስከ 1953 ባሉት ገጾች ላይ በጣት የሚጠቆም፣ ወይ ከራስ የፈለቀ ይሁን። «ይሄንን የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ» የተባለ ነገር ሁሉ ተሰረዘ። ሁለት ጥሩ የሚባሉ ትዕይንቶች የወደቁት በዚህ ደንብ ነው፤ መውደቃቸውም ትክክል ነበር።

ከድሮው ገጾች ሦስት ነገር ብቻ እንዲቀር ተወሰነ። ሥጋው ሞቶ ፈቃዱ ያልሞተ ሰው ነው። አይናገርም፤ ሐሳቡንም ማንም አያውቅም። የታሪኩ ባለቤትም እሱ አይደለም፤ በሌላ ሰው ችግር መሐል ገብቶ ያልፋል። ከእነዚህ አንዱ ቢነሣ ቀሪው ሌላ ጭራቅ ይሆናል። ቀለሙ፣ አገሩ፣ ማንነቱ፣ መብሉ ግን ሁሉም ሊለወጥ ይችላል።

አብራሪው ወደቀ፣ ቄጠማ ቆራጩ ተነሣ

የመጀመሪያው ረቂቅ ቀላሉን መንገድ ይዞ ነበር፤ ጀርመናዊውን በጣሊያናዊ አብራሪ ተክቶ። ወረቀት ላይ ሲታይ ልክ ነው፤ ጦርነት አለ፣ አውሮፕላን አለ፣ ረግረግ አለ። ነገር ግን የጣሊያን አውሮፕላን በዚህ አገር ትዝታ ውስጥ የመርዝ ጋዝ ያዘነበ ነው። ለእሱ አብራሪ ተመልካች እንዲያዝን 4 ደቂቃ አይበቃም፤ ለማሳዘን ቢሞከርም ተከታታዩ የጦርነት ይቅርታ ክርክር ይሆናል። ያ ሌላ ሥራ ነው። ረቂቁ በሁለተኛው ስብሰባ ተቀደደ።

የተተካው ሰው ከአካባቢው የተገኘ ነው። በዓል ሲቃረብ ከከተማው ዳር ካሉ ረግረጎች ቄጠማ አጭደው፣ አስረው፣ ተሸክመው ወደ ገበያ የሚያወርዱ ሰዎች አሉ። ጋሽ ክምሩ ከእነዚህ አንዱ ነበር። በፋሲካ ዋዜማ፣ ጥሩው ቄጠማ ያለው ወደ ውስጥ ነው ብሎ እምቦጩን እንደ መሬት ረገጠው። እዚያው ቀረ። የፈለገው ቄጠማ ነበር፤ የዋጠው እምቦጭ ሆነ። ሁለቱ ዕፅዋት የጭራቁ ነፍስና ቆዳ ሆኑ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው የልብስና የቀለም ውሳኔ ሁሉ ከዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የተቀዳ ነው።

ስሙም ብዙ አከራክሯል። «አረንቋ» ጥሩ ድምፅ አለው፤ ግን ዜናው «ከድህነት አረንቋ» እያለ አድክሞታል። «ጭራቅ» ተረት ውስጥ ልጅ የሚበላው ነው፤ ይህ ግን ሰው አይበላም። «ክምር» ብቻውን ለገበሬ የአውድማ በረከት ነው እንጂ አያስፈራም። «ክምሩ» ሲባል ግን የሰው ስም ይመስላል፣ የድሮውንም ስም በትክክል ይይዛል። «ጋሽ» የተጨመረው ከፍርሃት ነው፤ የሚፈራ ነገር በአክብሮት ይጠራልና። በተከታታዩ ውስጥ ልጆቹ «ጋሽ ክምሩ መጡ» ይላሉ እንጂ «መጣ» አይሉም። ይህች አንዲት አንቱታ ከማንኛውም የልብስ ጌጥ በላይ ሠርታለች።

መብሉ ቀጥሎ መጣ። የ1942ቱ ጭራቅ እንስሳት ይገድላል። ጋሽ ክምሩ ግን የሞተው የሁዳዴን 55 ቀን ጾሞ ሳይፈታ ነው። ስለዚህ ሥጋ አይነካም። የሚስበው የዶሮ ወጥ ሽታ ነው፤ ይመጣል፣ ከአጥር ውጭ ይቆማል፣ አይገባም። ይህ ለደራሲ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ጭራቁ ወደ ሰው መንደር የሚመጣበት ምክንያት በየክፍሉ እንደ አዲስ መፈለጉ ቀረ። ዳግመኛ መሥራት ሲባል ብዙ ሰው መልኩን ለመቀየር ይሮጣል። እኛ ግን አስቀድሞ መቀየር ያለበት ረኀቡ ነው እንላለን፤ ምን እንደራበው ከታወቀ መልኩ ራሱ ይመጣል።

ቄጠማው ያሳሳተው

የመጀመሪያው ልብስ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት በቄጠማ የተሸፈነ ነበር። ለምለም፣ ረጅም፣ በነፋስ የሚወዛወዝ፤ ሥዕሉ ላይ ውብ ነው። በስልክ የተቀረጸ የ40 ሰከንድ ሙከራ ለሠፈር ሰዎች ሲታይ ግን አንድም ሰው አልደነገጠም። አንዲት እናት «ይሄ የማን ድግስ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሌላው ተመልካች ቅር አለው፤ ቄጠማ በቀዳም ሥዑር ካህናት የሚያድሉት፣ ምእመናን በራሳቸው ላይ የሚያስሩት፣ የኖኅ ርግብ ይዛ የተመለሰችው ልምላሜ ምልክት ነው፤ እንዴት በሙት ላይ ይለበሳል?

ሁለቱም ልክ ነበሩ። ቄጠማ በዚህ አገር ዓይን ውስጥ ሣር ብቻ አይደለም። ቤት ሲነጠፍ፣ ቡና ሲቀርብ፣ ሙሽራ ሲገባ የሚታይ የደስታ ምልክት ነው። አንድ ዕቃ ተመልካቹ ልብ ውስጥ አስቀድሞ ትርጉም ካለው፣ ያንን ትርጉም በሙዚቃና በጨለማ መሻር አይቻልም፤ አብሮት መሥራት እንጂ። ቡድኑ ስድስት ሳምንት የደከመበትን ልብስ አፈረሰ። በአዲሱ ልብስ ውጩ በሙሉ እምቦጭና ጭቃ ሆነ። ቄጠማው ወደ ውስጥ ገባ፤ ደረቱ ላይ 20 በ15 ሳ.ሜ. የሆነ ስውር ኪስ ተሰፍቶ አንድ ጭብጥ ለምለም ቄጠማ ተቀመጠበት። ሦስቱ የመጀመሪያ ክፍሎች ውስጥ አይታይም። በአራተኛው ጭራቁ ደረቱን ሲከፍት ተመልካቹ የሚያየው በዓሉን ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ሥራውን ያበላሸው ትርጉም እዚህ ሥራውን ይሸከማል።

ይህ ቄጠማ እውነተኛ ነው፤ በየቀኑ ጠዋት ይታጨዳል፣ በረጠበ ጆንያ ተጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ይቆያል፣ ከቀረጻ 5 ደቂቃ በፊት ኪሱ ውስጥ ይገባል። እምቦጩ ግን ሁሉም ሰው ሠራሽ ነው። ሁለት ምክንያት አለ። እውነተኛው አብዛኛው አካሉ ውኃ ስለሆነ ከውኃ ወጥቶ ፀሐይ ሲነካው ወዲያው ይጠወልጋል። ዋናው ግን ሁለተኛው ነው፤ እምቦጭ ከቁራጭ ግንድ ይበቅላል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ልብስ ላይ አድርጎ ከቦታ ቦታ መዞር ማለት አረሙን ወደ ሌላ ኩሬ መትከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃና አዋሽ ላይ ታየ ተብሎ የተመዘገበ አረም ጣና ድረስ ደርሷልና፣ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ከረግረጉ ዳር የተመለሰ ጫማ ሁሉ እዚያው ተራግፎና ተፈትጎ ነው የሚወጣው።

ቀትር

በውጭው ኮሚክ ጭራቅ በሌሊት ይመጣል። በእኛ አገር ግን ወንዝ ዳር የሚፈራው ሰዓት ቀትር ነው። በስድስት ሰዓት ብቻውን ውኃ የወረደ ልጅ የሚገሠጽበት ምክንያት አለው። ጥላም በአማርኛ ከብርሃን በላይ ነገር ነው፤ ጥላው የከበደ ሰው አለ፣ ጥላው የተገፈፈ ሰው አለ። ቡድኑ ሁለቱን አጋጥሞ ጋሽ ክምሩን የቀትር ጭራቅ አደረገው፤ ጥላ የሌለው።

ይህ በኮምፒውተር ሳይሆን በፀሐይ የተሠራ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆኑ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል ከአናት በላይ ትቆማለች፤ በሚያዝያ 5 እና በነሐሴ 23 ገደማ። ነሐሴ ደመና ነው። የሚያዝያው ግን ለቀረጻ ይሆናል። ሰዓቱም ልክ 6 ሰዓት አይደለም፤ የአገራችን ሰዓት የሚለካው ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ እውነተኛው ቀትር ከቀኑ 6:25 ገደማ ነው። በዚያች ደቂቃ 2 ሜትር ቁመት ያለው ነገር ጥላ ከእግሩ ሥር አይወጣም። ከ20 ደቂቃ በኋላ 17 ሳ.ሜ. ይወጣል፤ ከ40 ደቂቃ በኋላ 35 ሳ.ሜ.። የልብሱ እግር በየአቅጣጫው 35 ሳ.ሜ. ያህል እንዲሰፋ የተደረገው ለዚህ ነው፤ ጥላውን ራሱ ይሸፍነዋል። በዚህ ስሌት ከ5:50 እስከ 7:00 ሰዓት ይቀረጻል። ከሚያዝያ 5 አምስት ቀን ወደፊትም ወደኋላም ቢሄዱ ልዩነቱ 6 ሳ.ሜ. ብቻ ነው።

ልብሱ

ቀትር ውብ ሐሳብ ነው፤ ለልብስ ሰፊ ግን መከራ ነው። ሌሊት የሚሸፍነውን ስፌት ሁሉ ያጋልጣል።

ሥራው የሚጀምረው ከለባሹ ቅርጽ ነው። ለባሹ አሮጌ ቱታ ይለብሳል፤ በላዩ ላይ ሰፊ ፕላስተር ሁለት ድርብ ይጠቀለልበታል፤ ከጀርባ በመቀስ ተቀዶ ይወጣል፤ ባዶው ቅርጽ በጭድ ይሞላል። አንገት አካባቢ መጠቅለል አይፈቀድም፤ ሲቆረጥም መቀሱ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ይሁን። በዚህ ጭድ በሞላው ቅርጽ ላይ የጀርባው ጉብታና ትከሻው በ3 ሳ.ሜ. የፍራሽ ስፖንጅ ይገነባል። ማስቲሹ በሁለቱም ፊት ይቀባል፤ ጣት ሲነካው መጣበቁ ቀርቶ ለስለስ እስኪል 10 ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፤ ከዚያ አንዴ ይጫናል። ችኩል ሰው እርጥቡን ያጋጥምና ሲደርቅ ይላቀቅበታል። በር ተከፍቶ፣ ከሰልና ሲጋራ በሌለበት ብቻ ይሠራል።

ከወገብ በታች ስፖንጅ አይግባ። የመጀመሪያው ልብስ ደረቅ ሳለ 9 ኪሎ ነበር፤ ለቀረጻ በተቆፈረው የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ 21 ኪሎ ሆነ፤ ለባሹ ከጉድጓዱ መውጣት አቃተው። የፍራሽ ስፖንጅ ውኃ ይጠጣል። ለስፖርት መሬት ላይ የሚነጠፈው 1 ሳ.ሜ. ምንጣፍ ግን አረፋው የተዘጋ ስለሆነ አይጠጣም። እግሩና ዳሌው በእሱ ሲተካ የረጠበው ክብደት 14 ኪሎ ላይ ቆመ።

በስፖንጁ ላይ የሽንኩርት ከረጢት ይሰፋል፤ ያ ቀዩ መረብ። 14 ከረጢት ፈጅቷል፤ አስቀድሞ በጥቁር ቀለም መነከር አለበት፤ አለበለዚያ ቀዩ በየቀዳዳው ይታያል። መረቡ ላይ ቃጫ ይታሰራል። 40 ሳ.ሜ. የሆነው ቃጫ ለሁለት ይታጠፋል፤ እጥፉ በኪሮሽ መርፌ በመረቡ ዓይን ይሳባል፤ ጫፎቹ በእጥፉ ውስጥ አልፈው ይጠበቃሉ። ጀርባ ላይ በየ3 ሳ.ሜ.፣ ሌላው ቦታ በየ5 ሳ.ሜ.። በጠቅላላ 6 ኪሎ ቃጫ ገብቷል። ሁሉንም አንድ ዓይነት አረንጓዴ መንከር ስሕተት ነው፤ ከሩቅ የተነጠፈ ምንጣፍ ይመስላል። ሦስት እጁ በቡና አተላ ተቀቅሎ ቡናማ፣ አንድ እጁ ብቻ አረንጓዴ ሲሆን ሥር ይመስላል።

የእምቦጩ ቅጠል 320 ነው። መጀመሪያ ከሸራ ላስቲክ ተቆርጦ በሻማ ተኮማትሮ ነበር፤ ቅርጹ አሪፍ፣ ብልጭታው ግን የፕላስቲክ ጽዋ። ቀትር ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ ሐሰት ነው። ከነጭ የጥጥ አንሶላ ጨርቅ፣ በአረንጓዴና በአተላ ተነክሮ፣ አንድ እጅ ኮላ በሁለት እጅ ውኃ ተበጥብጦ ውስጡ ገብቶ፣ በብርጭቆ ቂጥ ላይ ተደፍቶ ሲደርቅ ግን ድብዝዝ ያለ፣ ጎበጥ ያለ ቅጠል ይወጣል። 4 ሜትር ጨርቅ በቅቷል። እምቦጭ የሚታወቅበት ያ ያበጠ እንቡጥ መሰል አገዳ ከተረፈው ስፖንጅ ይቀረጻል፤ ያለ እሱ ቅጠሉ የማንም ቅጠል ነው።

ጭቃው ከሁሉም በላይ አስተምሯል። የአካባቢው አፈር ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ ይለጥፋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለጭራቅ ቆዳ የተፈጠረ ይመስላል። ሦስት ጣሳ የተነፋ ዋልካ፣ አንድ ጣሳ ኮላ፣ አንድ ተኩል ጣሳ ውኃ ተለውሶ ትከሻው ላይ ተለሰነ። ሌሊቱን አደረ፤ ጠዋት ለባሹ አንድ እርምጃ ሲራመድ የቀኝ ትከሻው እንዳለ ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዋልካ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ስፖንጁ ግን ባለበት ነው፤ በዚያ ላይ ይታጠፋል። መፍትሔው እዚያው ዓይን ሥር ነበር። ጭቃ ቤት የሚሠራ ሰው ጭድ ሳያስገባ ጭቃ አይለስንም። 2 ሳ.ሜ. ሆኖ የተከተፈ የጤፍ ጭድ ሁለት እፍኝ ተጨመረ፤ ልስኑም ስፖንጁ ላይ መሆኑ ቀርቶ በጆንያ ቁራጭ ላይ ሆነ፤ ጆንያው ከዚያ ይሰፋል። ሁለት ጊዜ፣ እያንዳንዱ ከ2 ሚሊ ሜትር ሳይበልጥ፣ በጥላ እየደረቀ። ፀሐይ ላይ ከዋለ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይገነጠላል። በዚህ መንገድ የተሠራው ቆዳ አሥር የቀረጻ ቀን ቆይቷል፤ ስንጥቁም ካሜራ ላይ ሕያው ነው።

የጭራቁ ራስ ከጋዜጣና ከዱቄት ሙጫ የተሠራ ነው፤ አፍ የለውም። የ1942ቱ አፍንጫ ቀርቷል፤ ሽቦ ላይ የተጠቀለለ ቃጫ ሆኖ እስከ ደረት ይወርዳል። ለባሹ የሚያየው በጥቁር በተነከረ የአጎበር ጨርቅ ነው። አጎበሩ ከቅንድቡ ጋር እኩል ሲሆን ብርሃን ይመታውና እንደ መጋረጃ ይታያል፤ 4 ሳ.ሜ. ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ቅንድቡ ያጠላበታል፣ የቀትር ፀሐይም ዓይኖቹን ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ታደርጋቸዋለች። በዚህች ነገር ቀትር ለልብስ ሰፊው ውለታ ውላለች።

ቀረጻው

አቃቂ ወንዝ የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ ተሸክሞ ስለሚመጣ ማንም ሰው ውኃው ውስጥ አልገባም። ከረግረጉ የሚታየው የሩቅ ምስል ብቻ ነው፤ ካሜራውም ወደ ግድቡና ወደ ማመንጫው አይዞርም። ጭራቁ ከውኃ የሚወጣው ከመንደር ጀርባ በተቆፈረ 3 በ2 ሜትር ጉድጓድ ውስጥ ነው። ድርብ የግንባታ ላስቲክ ተነጥፎበት 60 ሳ.ሜ. ውኃ ተሞልቷል፤ 18 በርሜል ማለት ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ይህ የሦስት ቀን ሥራ ነው፤ ከቀረጻው በኋላ ለችግኝ ውሏል። ውኃውን ያጠቆረው ሁለት ባልዲ የቡና አተላ ነው። ላስቲክ ስለሚያንሸራትት ከታች ጠጠር የያዙ ጆንያዎች ተደርድረዋል፤ ከጉድጓዱ ዳር ሁልጊዜ ሁለት ሰው እጁን ዘርግቶ ይቆማል።

የመጀመሪያው ቀን ምስል በሙሉ ተጣለ። ጥላ የሌለው ጭራቅ ተቀርጿል፤ ግን አብሮት የቆመው ልጅም፣ ውሻውም፣ የአጥሩ እንጨትም ጥላ አልነበራቸውም! ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ለማንም አታዳላም። ልዩነቱ እንዲታይ ስልኩ በትሪፖድ ላይ ሳይነካ ሁለት ጊዜ መቀረጽ ነበረበት፤ ሰዎቹ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ጥላቸው ከአንድ ሜትር በላይ ተዘርግቶ፤ ጭራቁ በ6:25፣ በዚያው ፍሬም። ሁለቱ በኤዲቲንግ የሚገጣጠሙት አጥሩ ባለበት መስመር ነው፤ ከአጥሩ ወዲህ የሰው ሰዓት፣ ከአጥሩ ወዲያ የሱ ሰዓት። ጭራቁ አጥር አይገባም የሚለው የታሪክ ደንብ ይህን አስቻለ። ስልኩ ግን በሁለቱ ሰዓት መካከል በራሱ ቀለምና ብርሃን እንዳይቀይር ሁሉም ነገር ይቆለፋል፤ በሰከንድ 24 ፍሬም፣ የመዝጊያው ፍጥነት 1/48 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 50። በዚህ አያያዝ የቀትር ብርሃን ይበዛል፤ ኤንዲ 64 የተባለው ብርሃን ቀናሽ ማጣሪያ ካልተገጠመ ሰማዩ ነጭ ወረቀት ነው።

ሁለተኛው ችግር ለባሹ ነበር። ሚያዝያ የመጀመሪያዎቹ ቀናት በዚያ ዓመት ሁዳዴ ውስጥ ነበሩ፤ ለባሹ ጾመኛ ነው፤ እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ አይቀምስም። 14 ኪሎ ለብሶ ቀትር ላይ ሁለተኛውን ቀረጻ ሳይጨርስ ራሱን አዞረው። ጾሙን እንዲተው የጠየቀው የለም፤ ጾም ያልያዘ፣ በቁመት 3 ሳ.ሜ. የሚያንስ አባል ተተካ፤ ጫማው ውስጥ ምንጣፍ ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀረጻ ከ12 ደቂቃ አይበልጥም፤ የጭራቁ ራስ ይወልቃል፣ 20 ደቂቃ ዕረፍት፣ ግማሽ ሊትር ውኃ። በጭራቁ ራስ አናት ላይ ከቅጠል ሥር ሁለት ቀዳዳና በፓወር ባንክ የምትሠራ ትንሽ ፋን ገብታለች። የፋኗ ድምፅ አያስቸግርም፤ የጭራቁ ድምፅ ሁሉ ኋላ የተጨመረ ነው፤ በእንስራ ውስጥ የተተነፈሰ ትንፋሽና እርጥብ ጆንያ ሲጎተት የተቀዳ ድምፅ ነው።

ቡና የሚፈላበት ትዕይንት ላይ ከሰል አልነበረም። ቃጫና ማስቲሽ እሳት ይጠራሉና፣ ምድጃው ውስጥ የተቀመጠው በቀይ ላስቲክ የተሸፈነ አምፖል ነው፤ ጢሱ ከካሜራው አጠገብ፣ ከልብሱ 4 ሜትር ርቆ ከተቀመጠ የዕጣን ማጨሻ ይወጣል።

የመጨረሻው ክፍል የመጨረሻ ምስል 22 ሰከንድ ነው። ጋሽ ክምሩ ደረቱን ከፍተው ቄጠማውን ያወጣሉ፤ አጥሩ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ይመለሳሉ። ጓንቱ ከባድ ስለነበር የለባሹ እጅ ይንቀጠቀጣል። ለማስተካከል አራት ጊዜ ተደገመ። ኤዲቲንግ ላይ የተመረጠው የመጀመሪያው፣ በጣም የተንቀጠቀጠው ነው። ከዚያ ከቤት ውስጥ አንዲት ሴት ትወጣለች፤ ጥላዋ ረጅም ነው፤ ቄጠማውን አንሥታ ወለሉ ላይ ትነጥፈዋለች።